የሚፈልገንን እንግዳ በጥቂት ወጪ ስለ ማግኘት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝኩ ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር እንድናገር መክረውኝ ነበር። ስለ ሁለቱም ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ስለ ገለጹልን፥ እኔ በየቤታችን ማታ ማታ ስለሚነሣ ስለ አንድ የኑሮ ጕዳይ ልናገር አስቤአለሁ። ይኸውም በእጅ ስልኩና በኢንተርኔት አማካይነት ጥቂት ነገር የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው፥ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ፥ ዕቃውን በእውነት የሚፈልገውን ሰው እንዴት ሊያገኝ ይችላል የሚለው ነው።

ነገሩ የነጋዴ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ በዚህ አዳራሽ ዙሪያውን ይመልከት። አባቱ በቅሎ የማይጭን፥ አጎቱ አስጐብኚ ያልሆነ፥ ወንድሙ ለእንግዳ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሳንቃበርና ጨነቅ ያላደረ፥ አክስቱ የበግ ጠጕር ፈትላ ባና ወይም ቆብ የማትሠራ ተማሪ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ከደባርቅ እስከ ዳባት ብዙው ቤት በአንድም በሌላም መንገድ ከተራራው ጋራ የተያያዘ ነው።

ተራራችንም ስም የሌለው አይደለም። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1978፥ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛው ላሊበላና የእኛው ሰሜን ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ደስታው ሳይጠገብ በ2012 የኮሮና በሽታ መጣ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ተስፋ አድርገን ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በክረምት በክልላችን ሌላ ግጭት ተጀመረ፥ የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በቅሎውን የሸጠ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቅሎ የሸጠ ሰው ደግሞ እንግዳ ሲመለስ መልሶ በቀላሉ አይገዛም።

እንግዲህ እንግዳው በእግሩ መምጣት ሲያቆም፥ አንዳንዶቹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በስልካቸው ላይ ገጽ ከፍተው ጕዞ ለማሰናዳት፥ ባናና ቆብ፥ ማርና ስፌት ለመሸጥ ሞከሩ። አብዛኛዎቹ ግን «ማን ያየናል?» እያሉ ተስፋ ቈረጡ። በኢንተርኔት ቋንቋ ገጹን ከፍቶ የሚያየውም «ጐብኚ» ስለሚባል ነገር እንዳይደባለቅ፥ ገጹን የሚያየውን ተመልካች፥ አገራችን የሚመጣውን ወይም ዕቃችንን የሚገዛውን እንግዳ ብዬ እናገራለሁ።

ከኢንተርኔት በፊት ከመንደራችን እንጀምር። በአገራችን ነገር ለማስታወቅ ከጥንት ጀምሮ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነጋሪት አስጐስሞ በገበያ መካከል አዋጅ ማስነገር ነው። ሁለተኛው ጠላ የጠመቀች ሴት በደጇ እንጨት ተክላ በጫፉ ላይ ጣሳ መድፋቷ ነው። አዋጁ የሚመለከተውንም የማይመለከተውንም ሁሉ ይጠራል፤ ለግብርና ለዘመቻ ተገቢ ነበር፥ ነገሩ ሁሉን ይነካ ነበርና። ጣሳው ግን የሚናገረው ለተጠማው ሰው ነው። ያልተጠማው አይቶት ያልፋል፥ አይታወክም። ወጪውም አንድ ባዶ ጣሳና አንድ እንጨት ነው። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ጣሳውን አምኖ የገባ ሰው በባዶ ጕሮሮ አይመለስም።

የገበያችንም ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም። ቅቤ የሚፈልግ ወደ ቅቤ ተራ፥ ጌሾ የሚፈልግ ወደ ጌሾ ተራ፥ በሬ የሚፈልግ ወደ ከብት ተራ ይሄዳል። ቅቤዋን ይዛ በከብት ተራ የተቀመጠች ሴት ብዙ ሕዝብ ሲያልፍ ታያለች፤ ማታ ግን ቅቤዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጉግልን የመሰለው መፈለጊያ እንግዲህ የዓለም ገበያ ተራ አመልካች ነው። ሰው የሚፈልገውን በቃል ይጽፋል፥ መሣሪያው ወደ ተራው ይመራዋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ይልቅ የሚመስሉት መንገድ ዳርን ነው፤ አላፊው ብዙ ነው፥ ነገር ግን የወጣው ለሌላ ጕዳይ ነው። በአካባቢያችን የበቅሎ ጕዞ የሚያሰናዳ አንድ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ብዙ ሺሕ ተከታይ ለገጹ ገዝቶ ነበር። ተከታዮቹ በቍጥር ነበሩ፤ «በቅሎው በቀን ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሰው የገዛው የአዋጅ ሰሚ እንጂ የተጠማ ሰው አይደለም።

አሁን ስለ ስም ጥቂት ላብራራ፤ እኛ ሰሜኖች በስም ረገድ ባለ ዕድሎችም ዕድለ ቢሶችም ነንና።

ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለውም። ስለዚህ ዋልያን በዱር ማየት የሚፈልግ ሰው የግድ የእኛ እንግዳ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዕድል ምን አለ? ነገር ግን አንድ ሰው በአማርኛ «ዋልያ» ብሎ በገጹ ላይ ቢጽፍና በዚህ ቃል ተመልካች ቢሰበስብ፥ የሚመጡለት የብሔራዊ ቡድናችንን የእግር ኳስ ውጤት የሚጠይቁና የዋልያ ቢራን የሚፈልጉ ናቸው። «ዳሽን» ብሎ ቢጽፍስ? ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአገራችን አንደኛ ተራራ ነው፤ ፈላጊው ግን ወይ ወደ ባንኩ ወይ ወደ ጐንደሩ ቢራ ይሄዳል። «ሰሜን» የሚለው ስማችን ራሱ አቅጣጫ ነው፤ ሰሜን ሸዋም ሰሜን ወሎም ሰሜን ኮሪያም ከእኛ ጋራ ይሰለፋሉ። የፈረንጆቹ ፊደል ደግሞ አገራችንን አንዱ ሲሚየን፥ አንዱ ሴሚየን፥ አንዱ ሲመን እያለ በየመጽሐፉ ይጽፋታል፤ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የተጻፈ ገጽ በሌላው የሚፈልገውን ሰው ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም በገጽ ላይ ማስገባት ነውር የለበትም።

የስማችን ዕድል ሌላም ገጽ አለው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የጀርመን አገር ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሰሜን መጥቶ ካጠና በኋላ ጭላዳንና ዋልያን፥ ቀይ ቀበሮንም ለዓለም ሳይንስ ጽፎ አስተዋወቀ። የቀይ ቀበሮ የሳይንስ ስም ካኒስ ሲሜንሲስ፥ ማለት የሰሜን ቀበሮ ነው። ስለዚህ በየትም አገር የሚኖር የእንስሳት ተማሪ መጽሐፉን ሲገልጥ የአገራችንን ስም ያነባል። ይህን ያህል ማስታወቂያ ያለ ገንዘብ ያገኘ አገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው፥ በእኛ ዘንድ ጥቂት ነው። ቀበሮ አሳያችኋለሁ ብሎ ሰው የሚጠራ አስጐብኚ ሦስት ቀን አንከራትቶ እንግዳውን አስቀይሞ ይመልሳል። ዋልያና ጭላዳ፥ ጅብራና ገደል ብሎ የሚጠራ ግን ቃሉን ለመጠበቅ አይቸገርም።

መድኃኒቱ ቃልን ማጣመር ነው። አንድ ቃል ለብቻው ሰፊ ገበያ ነው፤ ሦስት አራት ቃል ሲጣመር ተራ ይሆናል። «ዋልያ» ከማለት «ዋልያን በዱር ለማየት ከደባርቅ የሦስት ቀን ጕዞ» ማለት። ከዚህም የሚሻለው እንግዳው ራሱ በሚጠይቀው አነጋገር መጻፍ ነው። አስጐብኚዎችና በቅሎ ጫኞች እንግዳ ምን እንደሚጠይቅ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከጐንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጕልበቷ የደከመ እናቴ በበቅሎ ልትሄድ ትችላለች? ሳንቃበር ሌሊት ምን ያህል ይበርዳል? ያለ ጠባቂ ስካውት መግባት ይፈቀዳል? አበባው የሚያምረው በየትኛው ወር ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በየዓመቱ የተጠየቁ ናቸው፤ መልሳቸው ግን በደባርቅ ሰው አፍ ውስጥ እንጂ በጽሑፍ ብዙ አይገኝም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ገጽ መልስ መጻፍ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ምሽት ነው። የተጻፈው መልስ ጸሓፊው ሲተኛም ይሠራል፤ ኢንተርኔት በእኛ ዘንድ በተቋረጠ ጊዜ ስንኳ በውጭ አገር ያለው ሰው ያነበዋል።

ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቅስ? እርሱም አይናቅም፥ ግን ሒሳቡን ማወቅ ያሻል። ጉግል የማስታወቂያ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው፤ በ1994 ዓ.ም. ማስታወቂያው በታየ ቍጥር ማስከፈሉን ትቶ ሰው በተጫነው ቍጥር የሚያስከፍልበትን አሠራር አመጣ። ዋጋው በጨረታ ይወሰናል። ሰፊውን ቃል ትልልቁ የጕዞ ድርጅት ሁሉ ስለሚጫረትበት ዋጋው ውድ ነው፤ ጠባቡን ቃል ብዙ ሰው ስለማይጫረትበት ርካሽ ነው። በዚህም ላይ መሣሪያው ማስታወቂያውና ጥያቄው መስማማታቸውን ይመዝናል፥ ለተስማማው ዋጋ ይቀንሳል። የማይፈለጉትን ቃላትም ከልክሎ ማስወጣት ይቻላል፤ ለምሳሌ «ቢራ»፥ «ኳስ»፥ «ባንክ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ለእነርሱ ፈላጊዎች አይከፍልም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጊዜ መጫኑ 10 ብር ያስወጣል እንበል። ከመቶ ተመልካች አንዱ ቢገዛ፥ ያንን አንድ ገዢ ለማግኘት 1,000 ብር ወጣ ማለት ነው። አክስቴ ከአንድ ቆብ የምታገኘው ትርፍ 150 ብር ቢሆን፥ እያንዳንዱ ገዢ 850 ብር አከሰራት። ገዢ በበዛላት ቍጥር ትደኸያለች። ቃሉን አጥብባ ከአሥሩ ተመልካች አንዱ ቢገዛ ግን ወጪዋ 100 ብር ነው፥ 50 ብር ቀራት። ተመልካቹ በአሥር እጥፍ አንሶ ትርፍ መጣ። የሒሳብ መምህራችን ይህን እንደ ክፍልፋይ ጥያቄ ቢሰጡን ሁላችንም በፈታነው ነበር፤ በንግድ ላይ ሲሆን ግን የተመልካቹ ብዛት ዓይናችንን ያጭበረብረዋል። በዚህም ላይ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ዶላር በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደ ተወደደ የሱቅ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የእኔ ምክር በመጀመሪያ ያለ ገንዘብ የሚሠራውን ሁሉ ጨርሶ ከዚያ በኋላ መክፈል ነው።

አሁን የሚፈልገን ማን ነው?

ሳይንስ ተመራማሪዎችና ተራራ ወጪዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ስለ እነርሱ ብዙ አልናገርም፥ መንገድ ሲከፈት እነርሱ መንገዱን ያውቁታል። ለጥር 11 የጥምቀት በዓል ጐንደር የሚመጣውም ሰው ግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ቀርቶት ሳያየን ይመለሳል፤ እርሱን የሚጠራው መልስ በአማርኛ፥ በታኅሣሥ ሳይሆን በክረምቱ ወራት መጻፍ አለበት፥ ሰው ዕረፍቱን የሚያስበው አስቀድሞ ነውና።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከእኛው አገር የወጡት ሰዎች ልጆች ናቸው። በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብዙ ሺሕ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል አገር ተወስደዋል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የወገራና የሰሜን ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በዚያ አገር አድገዋል። ከእነርሱ አንዱ ማታ ስልኩን ከፍቶ የአያቱን መንደር ስም ቢጽፍ ምን ያገኛል? በብዙው ምንም አያገኝም። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የዳባት ልጅም ልጁን ይዞ የአባቱን ርስት ሊያሳይ ሲያስብ፥ መኪና የሚያከራየውን፥ ማደሪያ የሚሰጠውን፥ ወደ መንደሩ የሚወስደውን ሰው ስም በጽሑፍ አያገኝም። እነዚህ ሰዎች ተራራ ለማየት ሳይሆን ሰው ለማየት ነው የሚመጡት። የጦር ወሬ የሰማ ባዕድ ጕዞውን ትቶ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ የአያቱን መንደር የሚፈልግ ግን ሌላ አገር ስለሌለው ቀኑን ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ የመኪና ወይም የማደሪያ ባለቤት በገጹ ላይ የሚያውቃቸውን ቀበሌዎችና መንደሮች ስም፥ ያረጁትን አጠራሮች ጭምር፥ በአማርኛ፥ ከተቻለም በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ ቢዘረዝር፥ ይህ ዝርዝር በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው የጠላ ቤት ጣሳ ይሆናል። የመንደሮቹን ስም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ አባቶቼ፥ ስማቸውን ለልጆቻችሁ አስጽፉልን።

መንገድ ሳይጠብቅ የሚሄድ ሸቀጥም አለ። ባናው፥ ቆቡ፥ ሞሰቡ ራሱ ይጓዛል፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በቴሌብር ተከፍሎ በሰው እጅ ይላካል። በዚህም ላይ ቃሉ «የእጅ ሥራ» ብቻ ከሆነ ገበያው ሰፊ ነው፤ «የደባርቅ የበግ ጠጕር ባና፥ በእጅ የተፈተለ፥ ቀለም ያልነካው» ከተባለ ግን የሚፈልገው ሰው ያውቀዋል።

ከሁሉ ርካሹ እንግዳ ቀድሞ የመጣው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያስተማሩን ሰዎች ሀብታሞች አልነበሩም፤ ሆኖም በዓመት አንድ ጊዜ፥ አንድ ቀን አገሩን ረግጦ ለሄደ ወዳጃቸው ሁሉ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤው ልመና አልነበረም። ዝናቡ እንዴት እንደ ነበረ፥ ማን እንዳገባ፥ ማን እንደ ሞተ፥ የጕድጓዱ ውሃ መድረቁን ሳይቀር ይናገር ነበር። አንዲት መምህራችንም ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት በወረቀቱ ራስ ላይ የሚያነበውን ሰው ስም ጽፈን ፊቱን እንድናስብ ያስገድዱን ነበር። የሰሜን አስጐብኚዎች እንግዶች ስማቸውንና አስተያየታቸውን የጻፉበት ደብተር በየቤታቸው አላቸው። ደብተሩ በሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ከዚያ ውስጥ አድራሻቸው ላለ ሰዎች «ያቺ የጫነችህ በቅሎ ወልዳለች» ብሎ መጻፍ አይቻልም፥ በቅሎ አትወልድምና፤ «እንዴት ከረማችሁ፥ እኛ በሕይወት አለን፥ ዘንድሮ ጭላዳዎቹ እስከ ቡይት ራስ ወጥተው ይታያሉ» ማለት ግን ይቻላል። ያ ሰው ራሱ ባይመጣ እንኳ ለሚጠይቀው ወዳጁ የሚነግረው ስም ይኖረዋል።

አንድ መምህር ንግግሬን አስቀድመው አንብበው «መንገዱ በሚያስፈራበት ዘመን እንግዳ መጥራት ተገቢ ነውን?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የጕዞ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ እንግዳው ከእኛ ገጽ በፊት እርሱን ያነባል። መልሴ ያው ጣሳው ነው። ጠላ በሌለ ጊዜ ጣሳውን ማውረድ ነው። በገጹ ራስ ላይ ቀን ተጽፎ «በዚህ ሳምንት ከጐንደር ደባርቅ ያለው መንገድ እንዲህ ነው፥ በዚህ ሳምንት አትምጡ» የሚል ባለ ንግድ የዚያን ሳምንት ገበያ ያጣል። «አሁን ኑ» ባለ ቀን ግን የሚያምነው ሰው አለው። ደኅና ነው ብሎ ጠርቶ እንግዳውን በመንገድ ላይ ያስጨነቀ ሰው የሚያበላሸው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፥ የከተማውን ሁሉ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሥራው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና እስኪደርስ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ለመቀመጥ ተስማምተናል። ማደሪያ፥ ሱቅ፥ ሽመና ወይም በቅሎ ያለው ወላጅ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይምጣ። ስሙንና ሥፍራውን በጉግል ካርታ ላይ በነፃ እናስገባለታለን፤ እንግዶች ብዙ ጊዜ የጠየቁትን አምስት ጥያቄ ይነግረናል፥ መልሱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንጽፍለታለን። ከአሥረኛ ክፍል ሁለት ጎበዝ የጽሑፍ ልጆች ተመርጠዋል፤ እኛ ስንሄድ መዝገቡን እነርሱ ይረከባሉ። የመንደር ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን ቅዳሜን ሳይጠብቁ፥ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ በበሩ አጠገብ ደብተር ይዤ ስለምቆም ሊነግሩኝ ይችላሉ።